እቴጌ ቅጠል እና የሚስቴ ሐረግ

ሚስቴ ከሥልጠና ልትመለስ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ካፖርቴን ያለበስኩት ትልቅ ቫዞ አቅፌ ደረጃውን እየተንገዳገድኩ ስወርድ፣ ከሰው ሁሉ መርጬ ላገኛቸው የማልፈልጋቸውን ሴት አገኘሁ። እቴጌ ቅጠል ከታች ይወጣሉ።

"ምንድነው የተሸከምከው?" አሉኝ፣ መሐል ደረጃው ላይ ቆመው መንገዴን እየዘጉ።

"ዕቃ ነው እትዬ። ላስጠግነው ነው።"

"ዕቃ ቅጠል ያበቅላል እንዴ?"

ዝቅ ብዬ ባይ፣ አንዲት ቢጫ ቅጠል በካፖርቴ አንገት በኩል ብቅ ብላ እሳቸውን ታያለች። የታመመ ሰው ሐኪም ሲያይ እንደዚያ ነው።

እሳቸውን ባላስተዋውቃችሁም ታውቋቸዋላችሁ። በዚህ ዓለም ላይ እንዲህ ያለች ሴት ያልተመደበችበት ሕንፃ የለም። የመጥረጊያ እንጨት ብትተክል ታበቅላለች። እኛም የምናጠጣው ያንኑ የቧንቧ ውሃ ነው፣ አፈሩንም የምንገዛው ከዚያው ሰውዬ ነው፤ የእሷ ደን ይሆናል፣ የእኛ ማገዶ። የእኛዋ በጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። "እቴጌ ቅጠል" የሚለውን ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ጎረቤቱ የክብር ስም መስሎት ተቀበለኝ። እኔ ያወጣሁት ግን ከቅናት ነበር።

ክብርት እቴጌ ሰው ቤት ሲገቡ ሰላምታቸው በተራ ነው፤ መጀመሪያ ለአበባው፣ ቀጥሎ ለባለቤቱ። ጫማቸውን አራግፈው በቀጥታ ወደ መስኮቱ ያመራሉ። ሌባ ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ይሰዱና፣ የልብ ምት እንደሚያዳምጥ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ። ከዚያ ፍርድ ይሰጣል። ፍርዱ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ "ጠምቶታል!" ወይም "አፍናችሁታል!" ይግባኝ የለም። "ደህና ነው" ሲሉ የሰማ ጎረቤት ካለ እጁን ያውጣ።

አንድ ቀን ባንክ ቤት ከፊቴ ተሰልፈው ነበር። ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ አንድ አበባ አይተው ሰልፉን ጥለው ሄዱ። ጥበቃው "እማማ፣ ዕቃ መንካት ክልክል ነው" ብሎ ሲመጣ፣ "ልጄ፣ ና እስቲ በዚያ በኩል ያዝልኝ" አሉት። ያዘላቸው። ወደ ብርሃኑ አዙረውት፣ በነጠላቸው ጫፍ ቅጠሉን አንድ በአንድ ወልውለው፣ ጥበቃውን ውሃ አስቀድተው ተመለሱ። ሰልፈኛው ሁሉ ተራቸውን ጠብቆላቸዋል። እኔ ለአንድ ስልክ ወጣ ብዬ ስመለስ ግን ተራ እንደነበረኝ ያስታወሰ ሰው ጠፋ።

ቫዞ ሲመርጡማ ሌላ ጉድ ነው። አብሬያቸው ሄጄ አውቃለሁ። እኔ መልኩን አያለሁ፣ እሳቸው ቂጡን። እያንዳንዱን ገልብጠው በቀዳዳው አጮልቀው ያያሉ፤ በጥፍራቸው መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ።

"እማማ፣ ሐብሐብ አይደለም እኮ!" አላቸው ሻጩ።

"ሐብሐብማ ቢሆን ተበልቶ ያልቃል። እዚህ ውስጥ ሰው ሊኖርበት ነው።"

ሰው የሚሉት አበባውን ነው። በመጨረሻ ያነሡት ከሁሉ አስቀያሚውን፣ ቀለም ያልነካው የሸክላ ቫዞ ነበር። "ይሄ ይተነፍሳል" አሉኝ። እኔም ተነፈስኩ፣ በረጅሙ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያቃጠለኝ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ሞተ ብዬ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የወረወርኩትን የአበባ ግንድ እሳቸው አንሥተውታል። ከወራት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ቤታቸው ብገባ፣ ሳሎኑ መሐል ቁመቱ እኔን የሚያህል፣ ቅጠሉ ትሪ የሚያክል ነገር ቆሟል። ትከሻውን መታ አደረጉና "ተነሥ፣ አባትህ መጣ" አሉት። ሻዩን ሳልጠጣ ወጣሁ።

እንግዲህ ሚስቴ ለሥልጠና ስትሄድ አንድ አደራ ትታልኝ ነበር። እናቷ ሲያርፉ ከዚያ ቤት ያወጣችው አንድ ሐረግ ብቻ ነው። ወንድሞቿ ሶፋና ቁም ሳጥን ሲከፋፈሉ እሷ ይህንን አቅፋ መጣች። በመጋረጃው ብረት ላይ ተጠምጥሞ፣ ሳሎናችንን ዞሮ፣ አንዳንድ ቀን ስታልፍ በእጇ ዳሰስ የምታደርገው ነው። "እሱን ብቻ አደራ" አለችኝ። አስከትላም፣ "ከቸገረህ እትዬን ጥራቸው።"

ከቸገረህ! በደወለች ቁጥር ደግሞ ጥያቄዋ ያው ነው። "ሐረጉ እንዴት ነው? እትዬ አዩት? ምን አሉ?" እኔ እንዴት እንደሆንኩ የምትጠይቀኝ ካርዷ ሊያልቅ ሲል ነው።

ስለዚህ እቴጌ እጃቸውን ሳያስገቡ፣ እኔ ራሴ ይህን ሐረግ የሕንፃው መነጋገሪያ ላደርገው ተነሣሁ። የተተከለበትን አሮጌ የላስቲክ ባልዲ ጣልኩና ሰማያዊ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሕፃን ልጅ የሚታጠብበት የሚያክል ቫዞ ገዛሁ። ጠዋት አጠጣሁት። ከሥራ ስመለስ ናፍቆኝ አጠጣሁት። አንዱ ቅጠል ቢጫ ሲሆን ጠማው ብዬ ጨመርኩለት። ሁሉም ቢጫ ሲሆኑ እቴጌ ደጃችንን ሲያንኳኩ ትንፋሼን ውጬ የሌለሁ መምሰል ጀመርኩ። አሁን ሚስቴ ነገ ልትመጣ፣ ሐረጉን ከመጋረጃው ብረት ፈትቼ በስውር ወደ አንድ ችግኝ ሻጭ ልወስድ ስል ነው ደረጃው ላይ የተያዝኩት።

"ና ግባ" አሉኝ፣ የቤታቸውን በር ከፍተው። በቁጥጥር ሥር ዋልኩ።

ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ቫዞውን አስገለበጡኝ። አፈሩ እንደ ገንፎ ዘጭ አለ። ሽታውን አልነግራችሁም። ባዶውን ቫዞ አነሡና፣ እንደ ልማዳቸው፣ ቂጡን አዩ።

"ቀዳዳው የታለ?"

"የለውም። ሻጩ ዘመናዊ ነው አለኝ።"

"ዘመናዊ! ሽንት ቤት የሌለው ቤት ነው ዘመናዊ ብሎ የሸጠልህ? ደግሞ ስፋቱ! አንተ፣ ለአራስ ልጅ የአባቱን ካፖርት ታለብሳለህ? ሥሩ ውሃውን ጠጥቶ የት ይጨርሰው? ውሃ ላይ አስተኝተኸው ከርመሃል!"

"ይድናል?" አልኳቸው። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። "የእናቷ እኮ ነው።"

ያን ጊዜ ቁጣቸውን አቆሙ። መነጽራቸውን አድርገው ግንዱን ከታች ወደ ላይ በጣታቸው ዳሰሱት። ልስልስ ያለውን ሁሉ አለፉ። ጫፉ አካባቢ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። "እዚህች ጋ አበጥ ያለችውን አንጓ አየሃት? ሥር የምታወጣው በእሷ ነው። ጠንካራ ናት። ይወለዳል፣ አትፍራ።" መቀሳቸውን በእሳት ለብልበው ቆረጡ። ያ ሳሎን የዞረ ሐረግ ጥቂት አጫጭር ቁራጭ ሆኖ ውሃ በያዙ የማር ብርጭቆዎች ውስጥ ቆመ።

እስኪጨርሱ ቤቱን አየሁት። እንግዳ ሆኜ ስመጣ በቅናት ታውሬ ያላየሁት ነገር ነበር። የእቴጌ መስኮት የሚያየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው። በቀትር መብራት በርቷል። አበቦቹ ሁሉ ጎማ ባለው ጠረጴዛና በአሮጌ የሕፃን ጋሪ ላይ ናቸው። ጠዋት ወደ ደረጃው መስኮት፣ ከሰዓት ወደ ማድ ቤት፣ ብርሃን ባለበት ሁሉ እየገፉ ያዞሯቸዋል። ያ "አባትህ መጣ" የተባለው ጎረምሳ ሳይቀር ጋሪ ላይ ነው።

"ምን ታያለህ?" አሉኝ ቀና ሳይሉ። "አንተ ምን አለብህ? ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ ሳሎንህ ገብታ ትውላለች። እኔ ታች ቆሜ መስኮትህን ሳይ አንጀቴ ነው የሚያርረው። ለምን ቶሎ ቶሎ የምመጣ ይመስልሃል? ለአንተ ወሬ ነው?"

ለዓመታት የቀናሁባቸው ሴት በእኔ ሲቀኑ መኖራቸውን መስማት ምን ያህል ደስ እንደሚል ልነግራችሁ አልችልም። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ ጋሪውን አየሁትና ወገቤን ያመመኝ መሰለኝ።

"ያምጧቸው እኛ ጋ" አልኩ፣ አፌ ሳያማክረኝ። "ቦታ አለ።"

የነጠላቸውን ጫፍ አነሡ። አንዱን ቅጠል ረዘም ላለ ጊዜ ወለወሉት።

ብርጭቆዎቹን በትሪ ይዤ በራቸው ላይ ስደርስ ግን ዞር አልኩ። "እትዬ፣ ነገ ሚስቴን ምን ልበላት?"

"እትዬ ናቸው የቆረጡት በላት።"

"በእርስዎ ላይ እንድትቆጣ?"

"በእኔ?" ሳቃቸው በደረጃው ሁሉ ተሰማ። በሩን ገርበብ አድርገው አንገታቸውን አወጡ። "ያንን ቅናትህን ለነገ ብቻ ዋጥ አድርገውና ስማኝ። አንተ እንደቆረጥከው ከሰማች ታለቅሳለች። እኔ እንደቆረጥኩት ከሰማች ግን ታመሰግነኛለች።"