ካሴቱ አይገጥምም

አሸናፊን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። የተሸነፈ ዕቃ ግን መጨረሻው የት እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ልንገራችሁ፤ ላሊበላ፣ አባቴ ቤት ነው።

ድሮ የቪዲዮ ካሴት ሁለት ዓይነት ነበር፤ ቤታማክስና ቪኤችኤስ። ቤታማክስን የሠራው የጃፓን ኩባንያ በምስል ጥራት አቻ አልነበረውም ይላሉ። ገበያውን ግን ያ ካሴቱ ተለቅ የሚለው ቪኤችኤስ ጠቅልሎ ወሰደው። የተሻለው ተሸነፈ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር እኛ አገር ባይደርስም፣ ሲሰሙት ያሳዝናል።

የዚያ ጦርነት ወሬ እኛ ቤት ሳይደርስ አንድ ፈረንጅ ደረሰ። በገና ጠዋት ካህናቱ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለው ዓለት፣ ማሜ ጋራ ላይ ሲያሸበሽቡ ቀረጸና ለአባቴ ለመሪጌታ ምስጋናው ካሴቱን ላከላቸው። ቤታማክስ! ከተማው ውስጥ ያለው ማጫወቻ ደግሞ ሁሉም ቪኤችኤስ። አባቴ ምን ያድርጉ? እንደ ዳዊታቸው የቆዳ ማኅደር አሰፍተውለት ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። እናቴ ከሥሩ ስታልፍ መሳለም ጀመረች።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ከብዙ ዓመት በኋላ ጎረቤታችን ቄስ አበጀ፣ ያን የገና ሽብሸባ ከፊት ቆሜ የመራሁት እኔ ነኝ አሉ። አባቴ ደግሞ ኧረ በላሊበላ፣ እኔ ነኝ እንጂ አሉ። የሁለቱም ምስክር ካሴቱ ነው። በአንድ ጉባኤ ቤት አብረው ቆሎ የለመኑ ሰዎች ተኳረፉ፤ ጽዋ ማኅበር ላይ እንኳ ጀርባ ይሰጣጣሉ። እናቴ ለብቻዬ ጠርታኝ፣ እነዚህ ሰዎች ሳይታረቁ አንዳቸው ቢሞቱ ዓይኔ አይከደንም አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ማጫወቻ ፍለጋ ወጣሁ። ብልባላ ከተማ አንዱ ሰው አለኝ ብሎ አስጉዞኝ ያሳየኝ ራዲዮ ነው። ኮን ከተማ ያገኘሁት ሰው ደግሞ ካሴቱ ቪኤችኤሱ ውስጥ ሲንቀዋለልበት፣ ዙሪያውን ጨርቅ ብንጠቀጥቅበትስ አለኝ። ነጥቄው ወጣሁ። በመጨረሻ አዲስ አበባ፣ አንድ ሽማግሌ ቴሌቪዥን ጠጋኝ መደርደሪያ ላይ የሚሠራ ቤታማክስ ማጫወቻ ተገኘ፤ ገዝቼ ይዤው ተመለስኩ።

ቀኑ ተቆረጠ። ሁለቱ ባላንጣዎች መደቡ ላይ ጫፍና ጫፍ ተቀመጡ። አባቴ ካሴቱን ከማኅደሩ ሲያወጡ ሁላችንም ሳናስበው ብድግ አልን። መብራትም አልጠፋም፤ ከዚህ በላይ ተአምር አትጠብቁ።

ምስሉ መጣ። የተሸናፊውን ቤታማክስ ነፍስ ይማርና፣ የካህናቱ የጥምጥም እጥፋት ሳይቀር ይቆጠራል። ከፊት ቆሞ የሚመራው ሌላ ካህን ነው! ከኋላ፣ ከጥጉ፣ ሌሊቱን በማኅሌት ያደሩ ሁለት ወጣቶች መቋሚያቸውን ተመርኩዘው፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ። የአባቴ ለሐጭ በቄስ አበጀ ነጠላ ላይ ይወርዳል።

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አለቀ፣ አሁን ጭራሽ ሊተላለቁ ነው ብዬ ልገላግል ተጠጋሁ።

ቄስ አበጀ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ መሪጌታ፣ አንቱ ምን ይላሉ አሉ። አባቴ ቴሌቪዥኑን አፍጥጠው አዩት፣ አዩት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ልጄ በከንቱ ደከምክ፣ ካሴቱ ለዚህም ማጫወቻ አይገጥምም አሉ።

እኔም ልል ያልኩት ይኸንኑ ነው አሉ ቄስ አበጀ፤ ሁለቱም ተደጋግፈው ወጡ።