ባንቺ ያላጠበችው ፍሬም

ማተም የማይወድ ሰው የለም። ማጠብ የሚወድ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ድግሱን ሁሉም ይበላል፤ ድስቱን ማን ይፈትጋል? እኛ ቲሸርት አታሚዎችም እንደዚያው ነን። ደንበኛ ፊት ቀለሙን በላስቲክ መጥረጊያው ሳብ አድርገን ፍሬሙን ስናነሣ፣ ሥዕሉም ቁልጭ ብሎ ሲወጣ፣ ራሳችንን ከፈጣሪ ቀጥለን እንቆጥራለን። ከዚያ በኋላ በጥርስ ብሩሽ የሚደረገውን ትግል የሚያይ የለም።

ሱቄ ጣና ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማ፣ ፋሲሎ ሰፈር ነው። ሥራው ለሁለት የተከፈለ ነበር። ማተም የእኔ፣ ማጠብ የባለቤቴ የባንቺአምላክ። ማን እንደዚያ እንደከፈለው አላስታውስም። እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ለማያውቅ ላስረዳ። ፍሬም ማለት እንደ ከበሮ የተወጠረ ስስ መረብ ያለበት የእንጨት አራት ማዕዘን ነው። መረቡ ላይ ብርሃን ሲያገኘው የሚጠነክር አረንጓዴ ፈሳሽ ይቀባል። የሥዕሉ ቦታ ብቻ ክፍት ይቀራል፤ ቀለም የሚያልፈው በዚያ ነው። ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ ቀለሙ፣ ቀጥሎ አረንጓዴው ይታጠብና መረቡ ለሌላ ሥዕል ይዘጋጃል። የባንቺ ሕግ አንዲት ነበረች፤ ሳይደርቅ! ሻይ ጠጥቼ ልምጣ ስላት "ቀለሙ ሻይ አይጠጣም" ትለኝ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች ቲሸርት ባያትሙም ነገሩ ገብቷቸዋል።

አጥባ ስትጨርስ ፍሬሙን ወደ ፀሐይ ታነሣና ከኋላው ትቆማለች። "ታየሁህ?" ትለኛለች። ፊቷ በመረቡ ውስጥ ጥርት ብሎ ከታየኝ ጸድቷል ማለት ነው። ብዥ ካለብኝ እንደገና ታጥበዋለች። አንዳንዴ ጥርት ብላ እየታየችኝ "አልታየሽኝም" እላት ነበር። ስትናደድ ታምራለቻ!

ባንቺ ባለፈው ዓመት ታማ ሞተች። ዝርዝሩን አልጽፍም።

ለአርባዋ ዘመድ አዝማዱ ፎቶዋ ያለበት ቲሸርት ይልበስ ተባለ፤ እንደ ሰሞኑ ልማድ። አታሚ ፍለጋ የወጣ ሰው አልነበረም፤ አታሚው ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። ተነሥቼ በትልቁ ፍሬም ፊቷን አወጣሁ። አተምሁ። ለበስን፣ አለቀስን። ፍሬሙን ግን ያጠበው የለም። አጣቢዋ እሷ ነበረች።

ቀለሙ ደረቀ። እኔም ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት። የሦስት ዓመቷ ልጄ ቤዛ ጠዋት ጠዋት ሱቅ ስንገባ ቀና ትልና "እማዬ፣ ደህና አደርሽ" ትለዋለች። እኔም በሆዴ እላለሁ።

እንዲህ ሆነን ከርመን ሳለ አንድ ረቡዕ መሪጌታ መጡ። ከጣና ደሴቶች ባንዱ የሚያገለግሉ ሽማግሌ ናቸው። ለንግሡ የሰንበት ተማሪዎች የሚለብሱት ቲሸርት ፈለጉ። ጀርባው ላይ እመቤታችን ከነልጇ ትሁን አሉ። "ከትከሻ እስከ ወገብ አድርገው፤ ትንሽ ከሆነ ከጀልባ ላይ አይታይም።" ዓርብ ይወስዳሉ፣ ቅዳሜ ይሻገራሉ። "እሺ" አልሁ። አፌ ሁልጊዜ ከእኔ ቀድሞ ነው እሺ የሚል።

መሪጌታ ከወጡ በኋላ ወደ ግድግዳው ቀና አልሁ። ከትከሻ እስከ ወገብ የሚበቃ ፍሬም ያለኝ አንድ ብቻ ነው። አዲስ መረብ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ሰሞኑን ሲፈልግ ይከፈታል፣ ሲፈልግ ይዘጋል።

ስለዚህ ባንቺን ማጠብ አለብኝ። የደረቀውን ስፈትግ መረቡ ቢቀደድስ? ንግሡ ያለ ቲሸርት ሊቀር ነው። ፈጽሞ ቢጸዳስ? ለቤዛ ጠዋት ምን እላታለሁ? ግማሽ በግማሽ ቢለቅስ? የሰንበት ተማሪው በሙሉ የባለቤቴን ፊት ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ተሸክሞ ታቦት ሲያጅብ ታየኝ። ባንቺ ደግ ነበረች፤ እስከዚያ ድረስ ግን አልነበረችም።

ሐሙስ ጠዋት ጀመርሁ። ጨርቅ በነጭ ጋዝ ነክሬ ከፊትም ከኋላም አሸሁ። ጨርቁ መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ተመለሰ። ደጋግሜ ሳሽ ጥቁሩ መልቀቅ ጀመረ። የቀረውን በጥርስ ብሩሽ፣ በስሱ፣ ክብ ክብ እያደረግሁ ለቀምሁት። በኃይል ከፈተጉት መረቡ ይላላል፤ ይህን ስትናገር አንድ ጆሮዬን ሰጥቻት ነበር። ከዚያ በሳሙና በደንብ አጠብሁ፤ ምክንያቱም ቀጥሎ በረኪና ይመጣል። "ጋዝና በረኪናን እንዳታገናኝ፤ እንደ አማትና ምራት ናቸው" ትል ነበር።

ቀለሙ ሄደ። ፊቷ ግን አረንጓዴው ውስጥ እንደተከፈተ ቀረ። እሱን የሚያነሣው በረኪናና ኃይለኛ ውሃ ነው። ኃይለኛ ውሃ ያለው ደግሞ ሐይቁ ዳር፣ መኪና የሚታጠብበት ሰይድ ላቫጆ ነው። ባጃጅ ያዝሁ። ፊቷን ወደ ሹፌሩ ላዙር ወይስ ወደ እኔ ብዬ ተጨነቅሁ። በመጨረሻ ወደ ሐይቁ አዞርኋት።

ሰይድ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው፤ መረብ ያውቃል። ባንቺም ፍሬሞቿን የምታጥበው እሱ ዘንድ ነበር። ገና ሲያየኝ "የባንቺ ባል! ፍሬም በየት በኩል እንደሚያዝ ዛሬ አወቅህ?" አለኝ። በረኪናውን በስፖንጅ ቀባሁት። ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ከዚያ በላይ ከቆየና ከደረቀ ግን አረንጓዴው መረቡ ላይ እንደ ድንጋይ ይቀራል፣ ፍሬሙም አበቃለት። ጊዜው ሲደርስ ሰይድ የውሃ ጎማውን ይዞ መጣ፤ ፍሬሙን ቀና አደረገና አየ። ውሃውን ዘጋ።

"ይህችን እኔ አላጥብም" አለ።

"ሰይድ፣ ይደርቃል!"

"ይድረቅ። ይህን ጎማ እንዴት እንደምይዝ ያሳየችኝ እሷ ናት።"

ፀሐዩ ያቃጥላል። በረኪናው ከዳር ከዳር መንጣት ጀምሯል። ለመንሁት፣ ተቆጣሁት፣ በአላህ አልሁት። ጎማውን እጄ ላይ አስቀመጠ። "በእኛ ዘንድ ባል የሞተች ሚስቱን ማጠብ ይፈቀድለታል" አለኝ ዝግ ብሎ። "እጠባት። አንድ ክንድ አርቀው። ከዚያ በላይ ካስጠጋኸው ይቀደዳል፤ እሷ ናት ያለችው።"

አንድ ክንድ አራቅሁ። አገጯ መጀመሪያ ሄደ፣ ከዚያ ሹሩባዋ። ዓይኖቿን መጨረሻ አደረግሁ። መረቡ አልተቀደደም።

ሰይድ ፍሬሙን ተቀብሎኝ ወደ ፀሐይ አነሣውና ከኋላው ቆመ። "ታየሁህ?" አለኝ። እሱንም አስለምዳዋለች!

ታየኝ። መረቡ ላይ ግን መስተዋት ላይ እንደተነፈሱት ትንፋሽ የሳሳች ሌላ ፊት አለች። ቀለም ሲሰነብት ክሩ ውስጥ ይገባል፤ ቀዳዳው ይከፈታል፣ ጥላው ግን ይቀራል። የሰይድ ጢም ልክ የባንቺ ከንፈር ላይ አርፏል። ሳላስበው ሳቅሁ። "ሁለታችሁም ታያችሁኝ" አልሁት። እሱ አልሳቀም።

ጥላ አይታተምም። ለስንቱ ደንበኛ ምዬ ተናግሬያለሁ። ራሴን ለማሳመን ግን ሱቅ ተመልሼ የእመቤታችንን ሥዕል ፍሬሙ ላይ እንዳወጣሁ የመጀመሪያውን በገዛ አሮጌ ቲሸርቴ ላይ ሞከርሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ፍሬሙን አነሣሁ። እመቤታችን ከነልጇ። ሌላ ማንም የለም። ወደ ደጅ አውጥቼ በፀሐይ አየሁት። ማንም የለም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደግሞም ብሎኛል። ትንሽ ግን ቅር አለኝ።

አትሜ ስጨርስ ሻይ አላማረኝም። ፍሬሙን ሳይደርቅ አጥቤ፣ አረንጓዴውንም ሰይድ ዘንድ አስለቅቄ መስኮቱ ላይ ሰቀልሁት። ቤዛ ዓርብ ጠዋት ገባች፣ ቀና አለች፣ ጠጋ ብላ ቆየች። "እማዬ ፊቷን ታጥባለች" አለችና ወደ ጨዋታዋ ሄደች።

ወዲያው መሪጌታ መጡ። ቲሸርቶቹን አንድ በአንድ ገልጠው አዩ፤ እንከን አጡ፤ መረቁኝ። ሊወጡ ሲሉ መስኮቱ ላይ ያለውን ፍሬም አይተው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

"ልጄ፣ እጅህ የተባረከ ነው" አሉኝ። "ዕቃህን ማጠብ ላይ ግን ትቸኩላለህ መሰለኝ። ተመልከት፣ እዚህ ላይ የሴት ፊት ቀርቷል።"

"እሺ አባቴ" አልሁ። "ለአጣቢዋ እነግራታለሁ።"