ከቀልዱ ቀድሞ የሚስቅ ሰው

ቀልዱ ሳይደርስ የሚስቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የኛ ፒያሳ ሽመልስ የሚባል አንድ አላት። ቴሌቪዥን ፊት ከተቀመጠ «ቆይ፣ አሁን ይወድቃል!» ይልና ሰውዬው ሳይወድቅ እሱ በሳቅ ይወድቃል። የካርቱን ድመት ከኛ ኮሜዲያን ሁሉ ትበልጣለች ብሎም ይሟገታል። ማስረጃው? «ድመቷ አታካብድም!»

ባለፈው እሑድ እሪ በከንቱ ሰፈር አብረን ለቅሶ ደረስን። ባላቸው የሞቱባቸው እትዬ አስካለ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቴሌቪዥኑም ነጠላ ለብሷል። ሽመልስ የሚወደው ኮሜዲ የሚደገምበት ሰዓት ሲደርስ ነጠላውን እያየ ይቁነጠነጥ ጀመር። መጽናናት የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ እኔም ግራ ገባኝ።

በመጨረሻ አላስቻለውም።

«ይሄኔ አማትየው ቁም ሳጥን ውስጥ ተደብቀዋል» አለ ጮክ ብሎ። «ቆይ፣ አሁን ባልየው ሊከፍተው ነው!» ብቻውን ሳቀ። ለቀስተኛው በሙሉ አቀረቀረ። እኔማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እትዬ አስካለ ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ሟቹም ልክ እንዳንተ ነበር። ዕድሜ ልኬን ቀልዱን እየቀደመ ሲነግረኝ ኖረ።»

ከፍራሹ ተነሥተው ነጠላውን ከቴሌቪዥኑ ላይ ገፈፉት።

«በል አሁን አፍህን ዝጋ። አንድ ቀን እንኳ ቀልዱ ሲደርስ ልሳቅበት።»