የክብርት ሶአዚግ እጅ

የተበደለ ይጮሃል፣ ያልተበደለ ዝም ይላል የሚል ሰው ካለ፣ እኛ መንደር ላንቬዴግ ረግጦ አያውቅም ማለት ነው። በየሰፈሩ ሳይበደል አቤት የሚል፣ ፍርዱ ሳይሰጥ ይግባኝ የሚጠይቅ አንድ ሰው አይጠፋም። የኛይቱ ግን ተራ አቤት ባይ አይደሉም። ክብርት ሶአዚግ ኬርማሬክ ለፈረንሳይ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ዘለግ ላሉ ዓመታት በመሀል ተከላካይነት ተሰልፈዋል፤ በነዚያ ዓመታት ሁሉ ቀኝ እጃቸው ወርዶ ያየ የለም።

ነገሩ የጀመረው እዚሁ በመንደራችን ክለብ ነው። እኔ ግብ ጠባቂ ነበርኩ፣ እሳቸው ከፊቴ። ገና ኳሱ ከአጥቂዋ እግር ሳይደርስ እጃቸው ሽቅብ ይወጣል፣ "ኦፍሳይድ!" ይላሉ። ቀጥለው "እንውጣ!" ብለው ይጮሃሉ፤ ተከላካይ ሁሉ አጥቂዋን ከኋላው ለማስቀረት ወደ ፊት ይሮጥና እኔ ሰፊ ሜዳ ታቅፌ እቀራለሁ። ከገቡብኝ ጎሎች ግማሹን በሳቸው ስም ነው የማስመዘግበው።

ከዚያ ትልቅ ክለብ ወሰዳቸው። ትልቅ ሲባል፣ ያኔ ጠዋት በብስክሌት ፖስታ እያደሉ ከሰዓት በኋላ ይለማመዱ ነበር። ውሎ አድሮ የብሔራዊ ቡድኑ ሰማያዊ ማሊያ መጣ፣ እጃቸውም አገር አየ። በስዊድን ተነሳ፣ በጀርመን ተነሳ። በክለባችን ቡና ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶ ሳይቀር እጃቸውን አንስተው የሚያሳይ ነው፤ የማያውቃቸው ሰው አስተማሪያቸውን ሽንት ቤት የሚያስፈቅዱ ይመስለዋል። ጎል አግብተው አያውቁም። አንድ ጊዜ ያገቡት የራሳቸው መረብ ላይ ነበር፤ ያን ጊዜም እጃቸው ተነስቷል።

ጡረታ ወጥተው ሲመለሱ እጁም አብሮ ተመለሰ። ዳቦ ቤት ሰልፍ ጥሶ የሚያልፍ ሰው ሲያዩ ይነሳል። በሎቶ ዕጣ ምሽት ጎረቤታቸው ዕጣው ደረሰኝ ብላ ስትጮህ፣ ቁጥሩ የተጠራው ዘግይቶ ነው በሚል ይነሳል። በወንድማቸው ልጅ ሠርግ ላይ ሰልችቷቸው "እንውጣ!" ቢሉ፣ በሳቸው እጅ የሠለጠኑ ተከላካዮች የተቀመጡበት ጠረጴዛ ኬኩ ሳይቆረስ ብድግ አለ።

አንድ ቀን እውነት ሁሉም ኦፍሳይድ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"እኔ ምን አውቄ፣ ማሪቮን? መጠየቅ የኔ ነው። መፍረድ የዳኛው ነው" አሉኝ።

በኛ ዲቪዚዮን ከላይ የሚላከው አንድ የመሀል ዳኛ ብቻ ነው። የመስመር ዳኛ እያንዳንዱ ክለብ ከራሱ ሰው ያመጣል፤ የየመንደሩም ዓይን የየመንደሩን ጥቅም ሲያይ ኖሯል። የመስመር ዳኛችን ባለ ልኳንዳው ታንጊ ጉልበቱን ታሞ ባንዲራውን ለሶአዚግ ሲያስረክብ የደስታችን ብዛት አይነገርም። ያ እጅ ባንዲራ ጨብጦ ማን ጎል ሊያገባብን?

የዓመቱ መጨረሻ ጨዋታ ከጎረቤታችን ከኬርጎስት ጋር ነበር። ኬርጎስትን ከአያቶቻችን ጀምሮ አንወዳትም። አቻ ከወጣን በዲቪዚዮኑ እንቆያለን። ከተሸነፍን እንወርዳለን፤ ከንቲባው ደግሞ ለወረደ ክለብ በጀት የለኝም፣ ከኬርጎስት ጋር ትዋሃዳላችሁ ብለዋል። ስማችንም ማሊያችንም መቅረቱ ነው።

አንድ ለአንድ ሆነን ሊያልቅ ሲል የኬርጎስት አጥቂ ከተከላካዮቻችን ኋላ ኳስ ደረሳት። ልጆቻችን እንደተማሩት ሁሉም ቆመው እጃቸውን አነሱ። እኔ ቋሊማ ከምጠብስበት ሆኜ፣ ዳኛዋ ከመሀል ሜዳ፣ መንደሩ በሙሉ ወደ ሶአዚግ ዞርን። ባንዲራው ወደ ታች እንደተንጠለጠለ፣ እሳቸው በታመመ ዳሌያቸው እያነከሱ በመስመሩ ላይ ይሮጣሉ። ኳሷ ገባች። ዳኛዋ አሁንም አየቻቸው። ሶአዚግ በባንዲራው ወደ መሀል ሜዳ ጠቆሙ፤ ጎል ነው ማለታቸው ነው።

ሁለት ለአንድ ተሸንፈን ወረድን። ታንጊ መንደሩን ሸጠችው እያለ ወጣ። ሌላውም ፊቱን አዞረባቸው። እኔም ንዴቴን ይዤ፣ ቋሊማ ጋሌት በምንለው ስስ ቂጣ ጠቅልዬ፣ ብቻቸውን ወደተቀመጡበት ሄድኩ።

"አንቺ ሴት፣ ዕድሜሽን ሙሉ የተነሳውን እጅ ዛሬ ምን ያዘው?"

"ልጅቷ ልክ ነበረች።"

"ድሮስ? ድሮ ልክ የነበሩት የሉም?"

"ድሮ ጠያቂዋ እኔ ነበርኩ፣ ማሪቮን። ዛሬ የተጠየቅኩት እኔ ነኝ።"

ጋሌቱን ተቀበሉኝ፤ ግን አልበሉትም። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ስንዋሃድ የሚጠፋው ማሊያ የመጀመሪያ ማሊያቸው መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት። ከሁላችንም በላይ የከሰሩት እሳቸው ነበሩ።

በሰኔ ለውህደቱ ስብሰባ ተቀመጥን። በስሙ አልተስማማንም። በቀለሙ አልተስማማንም። በየትኛው ሜዳ እንደምንጫወት ስንነታረክ ወንበር ተገፈተረ። ከዚያ የኬርጎስቱ ሊቀመንበር፣ ሽማግሌው ሞሲዩ ጌኖሌ፣ ተነስተው ለመጪው ዓመት ባንዲራውን የሚይዘው ማን ይሁን አሉ። መልስ ሳይጠብቁም፣ ኬርጎስት ጎሉን ያጸደቁትን ሴትዮ ትመርጣለች፣ እንዲያውም የኬርጎስት ተወካይ ሆነው ይያዙልን አሉ።

ሶአዚግ ከኋላ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። ታንጊ በታመመ ጉልበቱ ብድግ አለ።

"ስሙን ውሰዱ፣ ሜዳውንም ውሰዱ" አለ። "እሷ ግን የኛ ናት።"

ይህን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ቀድሞኝ ስለተናገረ እስከ ዛሬ ቂም ይዤበታለሁ።