የፊታውራሪ ይደር ችሎት

የጋሽ በዳሳ እጆች ሥራ ፈትተው አያውቁም፤ ሥራ ጨርሰውም አያውቁም። ሰው ሲያነጋግራቸው፣ ሽምግልና ሲቀመጡ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር፣ ጉልበታቸው ላይ አንድ ገና ያላለቀ የንብ ቀፎ አለ። ሐረጉን ያጥፋሉ፣ ያሾልካሉ፣ በአውራ ጣታቸው ጠበቅ ያደርጉታል፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ አልጣመኝም ብለው ይፈቱታል። አንድ ክረምት በረንዳው ላይ ረስተውት ዶሮ ገብታ ጫጩት ፈለፈለችበት። ጋሽ በዳሳ አላባረሯትም። «ንብ እስኪመጣ ትቀመጥ» አሉ።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ነገር ሲያልቅ ቅር የሚለው፣ ሲቀጠር ግን ፊቱ የሚበራ ሽማግሌ በየአገሩ አለ፤ የመቱ ከተማው ግን የሁሉም አለቃ ነበሩ። አማርኛ ለሚናገረው «ይደር»፣ ኦሮምኛ ለሚናገረው «ቦሩ»፣ ነገ ማለት ነው፣ ይላሉ፤ ሁለቱንም ለሚያውቀው ደግሞ «ይደር፣ ቦሩም ቀን ነው» ብለው አጣምረው ይሰጡታል። ስለዚህ ሰው ፊታውራሪ ይደር ይላቸዋል። ማዕረጉን የሰጣቸው መንግሥት ሳይሆን የቅዳሜ ገበያ ነው።

ሚስታቸው እትዬ ዓያንቱ ጨው ግዙ ብለው ከላኳቸው ወጡን አይጥዱም። ኩምሳና መገርሳ በአንዲት ጊደር ተጣልተው እሳቸው ዘንድ በቀረቡ ጊዜ ነገሩ በይደር እየተላለፈ ጊደሯ ላም ሆነች፣ ወለደች፣ ደገመች። በመጨረሻ ሁለቱ ሰዎች አንዳንድ ጥጃ ተካፍለው ታረቁ፤ ክርክር የተነሣባት ላም ለእርቁ ድግስ ታረደች። ጋሽ በዳሳ ሥጋውን እየበሉ፣ «አያችሁ፣ ቸኩለን ብንፈርድ ኖሮ ይህን አናገኝም ነበር» አሉ።

እንግዲህ ተጂቱ የልጇን ነገር የሚፈርዱላት እኚህ ሰው መሆናቸውን በሰማች ጊዜ ሱቋ ውስጥ ጋዝ የምትሰፍርበትን ጣሳ ይዛ ቁጭ አለች።

ተጂቱ ወደ ፍርድ ቤት በሚያወጣው መንገድ ዳር ጨውና ክር፣ ሳሙናና ጋዝ የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረቻት። ባሏ ደርበው የመንግሥት ጸሐፊ ነው። ወደ ሁሩሙ ከተማ ሲዛወር «ተነሺ እንሂድ» አላት፤ እሷ «ሱቄን ለማን ትቼ?» አለችው። ከዚያ በላይ የተባለውን ሁሉ የተናገሩት የደርበው እኅት እትዬ ሙሉብርሃን ናቸው፤ ትዳሩም በዚያው ፈረሰ። የቀረችው ልጅቱ ዋሪቱ ነበረች።

ያን ጊዜ አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከወጣ ብዙ አልቆየም። ባልና ሚስት ሲለያዩ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይወስናሉ፤ የወሰኑትንም ለፍርድ ቤት ያቀርባሉ። ስለ ልጅ ሕጉ የሚለውን ተጂቱ በቃሏ ይዛዋለች። የሚታየው የልጁ ጥቅም ብቻ ነው፤ ከባድ ምክንያት ካልተገኘ ግን ልጅ አምስት ዓመት እስኪሞላው ከእናቱ ዘንድ ይቆያል። አምስት ከሞላትስ? ደርበው ደመወዝ አለው፣ የቆርቆሮ ቤት አለው፣ ዳዊት የደገሙ እኅት አለው። እሷ ያላት አንዲት ሱቅ ናት። ስለዚህ አምስት ሳይሞላት ይፈረድ ትላለች፤ አንዴ ለእናት ከተፈረደ በኋላ ማን መልሶ ይነቅላል? እንዲህ የሚያስቸኩል ነገር ይዛ ፊታውራሪ ይደር እጅ ወደቀች።

ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተመረጡ፤ ሰብሳቢው ጋሽ በዳሳ ሆኑ። የመጀመሪያው ጥያቄ ልጅቱ ስንት ዓመቷ ነው የሚል ነበር። የጻፈው ሰው አልነበረም።

«የተወለደችው የባላምባራሱ በቅሎ ሶር ወንዝ ውስጥ የገባች ዓመት ነው» አለ ደርበው። «ከዚያ ወዲህ ቁጠሩት፣ አምስት ሞልቷታል።»

«ያቺ በቅሎ ሁለት ጊዜ ነው የገባችው» አለች ተጂቱ። «መጀመሪያ ገብታ ወጣች። የኔ ልጅ የተወለደች ጊዜ ገብታ የቀረችው ናት።»

«የቀረችው ቡላዋ ናት ጥቁሯ?» ሲሉ አንዱ ሽማግሌ ጠየቁ።

«ጥቁር በቅሎ ኖሯቸውም አያውቅ» አሉ ሌላው።

«ኖሯቸው አያውቅ? እኔ ራሴ ሣር ያጨድኩላትን?»

ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ድረስ ስለ በቅሎ ተመከረ። ማታ ላይ የበቅሎዋ ነገር ሲጣራ ጉዳዩ እንዲታይ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ቀጥሎ ክርስትና ያነሷት ቄስ ይጠየቁ ተባለ። ቄሱ ኡካ ወደሚባል አገር ሄደው ነበር፤ ሰው ተላከባቸው። መልእክተኛው ሲመለስ፣ ቄሱ የክርስትናውን ድግስ በሚገባ እንደሚያስታውሱት፣ ቅቤው እንዳልተቆጠበ፣ ዓመቱን ግን እንደማያውቁ ተናገረ። ይህም በይደር ተያዘ። ዝናብ መጣ፣ ወንዝ ሞላ፣ በይደር ተያዘ።

ደርበው በየቀጠሮው ፊቱ እየፈካ ይመለሳል። ይደር በተባለ ቁጥር ልጅቱ ታድጋለች፤ ያደገች ልጅ ደግሞ የእሱ ናት። ተጂቱ አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀ።

«ጋሼ በዳሳ፣ እርስዎ ይደር ሲሉ የሚያድረው ነገሩ ብቻ አይደለም። ልጄም እያደረች ነው። እርስዎ እስኪፈርዱ ትዳራለች።»

«ከተዳረችማ ለማን ትሁን የሚል ጭቅጭቅ አይኖርም» አሉ ጋሽ በዳሳ፣ ሐረጋቸውን እያሾለኩ። «ይደር፣ ተጂቱ ልጄ። ቦሩም ቀን ነው።»

ተጂቱ ያን ዕለት መንገድ ላይ የተናገረችው እርግማን እዚህ አይጻፍም።

ነገሩን የሚቆርጥ መላ ያመጡት እትዬ ሙሉብርሃን ናቸው። ከሁሩሙ በጭነት መኪና መጥተው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው መሐል ተቀመጡና፣ «ትምህርት ቤት ልጅ ሲመዘግቡ ምን ያደርጋሉ?» አሉ። «እጇን በአናቷ ላይ አሳልፋ ጆሮዋን ከያዘች ደርሳለች፤ ካልያዘች አልደረሰችም። ይኸው ነው።»

«እሱ በስንት ዓመት ነው የሚደርሰው?» ብለው ጋሽ በዳሳ ጠየቁ። የሚያውቅ አልተገኘም።

«ደርሳለች ማለት ደርሳለች ነው» አሉ እትዬ ሙሉብርሃን። ሽማግሌዎቹ ከበቅሎዋ የተሻለ ነው ብለው ተስማሙ፤ ለልኬቱም ቀን ተቆረጠ።

እስከዚያ ቀን ሁለቱ ወላጆች አልተኙም። ደርበው በመጣ ቁጥር ልጅቱን ጥግ ይዞ፣ ጆሮዋን በነካች ቁጥር አንድ ብስኩት ይሰጣታል። ተጂቱ ደግሞ በልኬቱ ዕለት ጠዋት የልጅቱን ፀጉር ወደ ላይ ሰብስባ፣ ውስጡ ጥጥ ጠቅጥቃ፣ ጉብታ የሚያህል አናት ሠራችላት። እትዬ ሙሉብርሃን ገና ሲያዩዋት ማበጠሪያቸውን አወጡ። ጥጡን እየመዘዙ፣ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ።

«ብርድ እንዳይመታት ነው» አለች ተጂቱ።

ዋሪቱ ፀጉሯ እንደተበተነ ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች። በአንድ ወገን አባቷ፣ በሌላው ወገን እናቷ ተቀምጠዋል። «እስቲ በቀኝሽ» ተባለች። አባቷን አየችው። ቀኝ እጇን በአናቷ ላይ አሳለፈችና የግራ ጆሮዋን ጥርቅም አድርጋ ያዘችው፤ ሳይነግሯት ጎተተችውም።

«ደርሳለች» አሉ እትዬ ሙሉብርሃን። ደርበው ወንበሩ ላይ ተመቻቸ።

ተጂቱ ከተቀመጠችበት ተነሣች። «በግራዋም ይታይ» አለች። ለምን እንዳለች እሷም አታውቅም፤ ብቻ አለች።

«እስቲ በግራሽ።»

ልጅቱ እናቷን አየቻት። ግራ እጇን አነሣች፣ አናቷ ላይ አደረሰችው፣ እዚያ ላይ አቆመችው። ፊቷ እስኪቀላ አማጠች። ጣቶቿን ወደ ጆሮዋ አርገበገበች። «እምቢ አለኝ፣ አልደረሰም» አለች።

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ሊያይ የመጣው የጊደሯ ባለ ጉዳይ ኩምሳም ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። ተጂቱ ግን ጋሽ በዳሳን ነበር የምታየው፤ ይሥቁብኛል ብላ። አልሳቁም። እጆቻቸው ሐረጉ ላይ ቆመው ነበር። ሲቆሙ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

«ነይ፣ ኢንተላ ኮ» አሏት ልጅቱን፤ ልጄ ማለታቸው ነው። አጠገባቸው ስትደርስ ጎንበስ ብለው፣ «ግራሽን ምን ነካው?» አሉ።

«ቀኙ የአባዬ ነው» አለች ዋሪቱ በጆሯቸው፤ ቤቱ ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማ። «ግራው የእማዬ ነው።»

ፊታውራሪ ይደር ፍርዳቸውን ሰጡ። «ቀኝ እጇ አምስት ዓመት ሞልቶታል። ግራ እጇ አልሞላውም። ግራው ቀኙ ላይ እስኪደርስ ነገሩ ይደር።»

«እስከዚያስ?» አሉ እትዬ ሙሉብርሃን፣ ጃንጥላቸውን እየሰበሰቡ።

«እስከዚያ ከእናቷ ጋር ትኑር። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷ እኔ ግቢ መጥቶ ከእሷ ጋር ይዋል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሁሩሙ ትሰንብት። ይህ ፍርድ አይደለም፣ ማቆያ ነው።»

ደርበው የመጀመሪያውን ቅዳሜ ኮቱን ለብሶ መጣ። ቢሮው የመጣ ባለ ጉዳይ ይመስል፣ «ጤናሽ እንዴት ነው?» ብሎ ዋሪቱን ጠየቃት። «ደኅና» አለችው። ከዚያ ሁለቱም የጋሽ በዳሳን እጅ ሲያዩ ዋሉ። ተጂቱ በአጥር ቀዳዳ አይታ ደስ አላት። ይሰለቻል፣ ይቀራል፣ ለእኔም ይፈረድልኛል አለች።

አልቀረም። አንድ ቅዳሜ ደግሞ በዚያው ቀዳዳ ስታይ፣ ደርበው ኮቱን አውልቆ፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አድርጎ፣ የልጅቱን እግር ጭኑ ላይ አስቀምጦ ከጣቷ ሙጀሌ በመርፌ ያወጣል። ላቡ በአገጩ ይወርዳል።

«ከዳር ጀምር ብዬህ የለ» ትለዋለች ዋሪቱ። «እማዬ እኮ ከዳር ነው የምትጀምረው።»

«እሺ፣ ከዳር።»

«እንዳታፈነዳው።»

«እሺ።»

ጋሽ በዳሳ ከዚያ ማዶ ቀፏቸውን ይፈታሉ። ተጂቱ ልጇን ይዛ ልትሄድ ነበር የመጣችው። እጇ አጥሩ ላይ እንዳለ ቆየችና ሳትገባ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ወዲያ ይፈረድልኝ ብላ አልጠየቀችም። የሚገርመው ደርበውም አልጠየቀም፤ ልጅቱ አምስት መሙላቷን ግን ጋሽ በዳሳ ግቢ ያሉ ዶሮዎች እንኳ ያውቁ ነበር።

ፍርድ ቤቱ ግን አልረሳም። በየጊዜው «የሽማግሌዎቹ ውሳኔ ይቅረብ» እያለ ይልካል። ጋሽ በዳሳም ሕግ አክባሪ ስለሆኑ፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ቀፏቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ይነሣሉ። መንገዱ ደግሞ በተጂቱ ሱቅ በር ነው የሚያልፈው።

«ጋሼ በዳሳ፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳይጠጡ?»

«ፍርድ ቤቱ እንዳይዘጋብኝ ብዬ እኮ ነው።»

«ገና ማለዳ ነው። ይግቡ።»

ሻዩ ይፈላል፣ ሐረጉ ይጎነጎናል፣ ፍርድ ቤቱ ይዘጋል።

አንድ ቅዳሜ ደርበው ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ «ጋሽ በዳሳ ማክሰኞ ፍርድ ቤት ሊሄዱ ነው አሉ፤ እውነት ነው?» አላት ተጂቱን።

«እኔም ሰምቻለሁ።»

«ምን ታደርጊያለሽ?»

«ሻይ አፈላለሁ። ምን አደርጋለሁ?»

ደርበው ጥቂት አሰበ። «ሁሩሙ ደኅና ሐረግ አግኝቻለሁ» አለ። «አንድ ሸክም ሰኞ እልክላቸዋለሁ።»

ዓመታት አለፉ። ዋሪቱ የእናቷን ትከሻ አልፋ ሄደች። ጋሽ በዳሳ አረጁ፤ እጃቸው ግን ያው ነው፣ ቀፎውም ያው ነው። አንድ ጠዋት ዱላቸውን እየተመረኮዙ ሲመጡ ተጂቱ ገና ከሩቅ አይታቸው ጀበናውን ትታ የሻዩን ማንቆርቆሪያ ጣደች። እሳቸው ግን የዛሬውስ ቁርጥ ነው ብለው በሩ ላይ ቆሙ። ፍርድ ቤት አዲስ ዳኛ መጥቷል፣ ያረጁ ነገሮችን ሁሉ እያስመጣ ይዘጋል፤ ዛሬ አፌን ሞልቼ የምናገረው ሊኖረኝ ይገባል አሉ።

ዋሪቱ ከውስጥ ሳሙና ትደረድር ነበር። ጠሯት።

«ኢንተላ ኮ፣ እስቲ ያቺ ግራ እጅሽ።»

ዋሪቱ እናቷን አየቻት። ተጂቱ እሳት ላይ ያለውን የማንቆርቆሪያ እጀታ እንደያዘች ቀረች። ልጅቱ ረጅም ግራ እጇን አነሣች። ሁለት ጆሮ የሚያስይዝ እጅ ነበር። በአናቷ ላይ ቀስ አድርጋ አሳለፈችው፤ ከጆሮዋ አንድ ጣት ያህል ሲቀር አቆመችው። ፊቷን አኮሳትራ አማጠች፤ ጣቶቿን አርገበገበች።

«አልደረሰም፣ ጋሼ» አለች።

ጋሽ በዳሳ እጁን ቀና ብለው በጥንቃቄ አዩት። ከዚያ ዱላቸውን በሩ ላይ አስደገፉ፣ ገብተው ወንበር ሳቡ፣ ቀፏቸውንም ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።