የአርባ አንድ ጎጆ ሹም

በየሰፈሩ ከራሱ ቤት ይልቅ የጎረቤቱን ቤት የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ጋ፣ አሜሪካ ኦሃዮ ገጠር ውስጥ፣ ያሉት ሴትዮ ግን ባሰባቸው፤ የወፎቹንም ጓዳ ያውቃሉ።

ክብርት ወይዘሮ አርዲስ ኩንክል፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር፣ ከመቃብሩ አጥር እስከ እኔ ማሳ ድረስ ለሰማያዊ ወፎች መጎጆያ የተተከሉ የአርባ አንድ የእንጨት ሣጥኖች ሹም ናቸው። የሾማቸው የለም፤ ደመወዝም የለም። ማክሰኞ ማክሰኞ የእንቁላልና የጫጩት መዝገባቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ይዞራሉ። አንዱንም ሣጥን ሳያንኳኩ አይከፍቱም። "ቤቶች!" ይላሉ።

"ወፏ 'ይግቡ' ትልዎታለች?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"አንተስ ሮስኮ፣ ገላህን ስትታጠብ ሰው በሩን ቢበረግድብህ ደስ ይልሃል?"

አንዴ እኔም ከገበያ ቀይ ቀለም የተቀባች ቆንጆ የወፍ ቤት ገዝቼ ሰቀልኩ። መግቢያዋ ሥር ወፍ የምታርፍባት እንጨት አለቻት። ወይዘሮ አርዲስ እንጨቷን ሲያዩ ደማቸው ፈላ።

"ይቺን በረንዳ ለማን ሠራሃት? ለድንቢጥ ነዋ! እዚህ ቁጭ ብላ ባለቤቶቹን ታባርራቸዋለች!" አሉና መጋዝ አስመጥተው አስቆረጡኝ።

በአንድ ቀብር ላይም ጸሎቱ መሀል ጉንዳን የወረረው ሣጥን ትዝ ብሏቸው ተነሥተው ሄዱ። ፓስተሩም እሳቸው እስኪመለሱ ጠበቁ። ምን ያድርጉ፣ ፓስተሩን ልጅ ሳሉ በአውቶቡስ ያመላለሷቸው ወይዘሮ አርዲስ ናቸው።

ዘንድሮ ወይዘሮ አርዲስ የዳሌ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸውና መዝገቡ ለእኔ ተላለፈ። ያን ሰሞን ቁጥር አሥራ ዘጠኝ፣ ድንቢጥ እየወረረው ሦስት ዓመት ጫጩት ያልበረረበት ሣጥን፣ አምስት እንቁላል ይዞ ነበር።

"ጫጩት ከተፈለፈለ አሥራ ሁለት ቀን ካለፈ በኋላ እንዳትከፍት" አሉኝ። "ደንግጠው ለመብረር ሳይደርሱ ይዘላሉ። መሬት ላይ ደግሞ ድመት አለ።"

እኔ ሆዬ መቁጠር የጀመርኩት ከተፈለፈሉበት ሳይሆን ከቀናት በኋላ መጀመሪያ ካየኋቸው ቀን ነው። በእኔ አቆጣጠር በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ አንኳኩቼ ስከፍት አምስቱም ተፈናጥረው ሣር ውስጥ ገቡ። ወዲያው ለወይዘሮ አርዲስ ስልክ ደወልኩ።

ወይዘሮ አርዲስ ባለ አራት እግር ምርኩዛቸውን እየገፉ መጡ። እርግማን ስጠብቅ "ቁጠር!" አሉኝ።

"አራት።"

"አርባ ዓመት ሙሉ አንድም ልጅ ሜዳ ላይ ጥዬ አላውቅም። ቁጠር!"

አምስተኛው ከጫማዬ ጎን ተወሽቆ ነበር፤ አንድ እርምጃ ብራመድ ኖሮ አልቆለት ነበር። ሁሉንም ወደ ሣጥኑ መለስናቸውና ቀዳዳውን በካልሲዬ ወተፍነው። ግማሽ ሰዓት ቆይተን ካልሲውን ቀስ ብለን ሳብነው። አንዱም አልዘለለም። ብዙም ሳይቆይ እናቲቱ ትል ይዛ ገባች። ወይዘሮ አርዲስ ያኔ ነው ቁጭ ያሉት።

በሦስተኛው ቀን አምስቱም በረሩ።

በመከር ወቅት የሰፈሩ ሰው የዓመቱን የወፍ ቆጠራ ለመስማት ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ስንሰበሰብ መዝገቡን እሳቸው አነበቡ። አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ።

"ቁጥር አሥራ ዘጠኝ፤ ያለ ቀኑ ተከፍቷል። ጥፋቱ የአርዲስ ኩንክል ነው፤ ቀን አቆጣጠር በደንብ አላስተማረችም። የበረሩ አምስት። ያበረራቸው ጎረቤቷ ሮስኮ።"

ጭብጨባው ቤቱን አናጋው። እኔም ደረቴን እንደነፋሁ ቀረሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ አሁን መዝገቡን ተሸክሜ ከኋላቸው እሄዳለሁ። ሚስቴ እንደምትለው ከሆነ ፍሪጁንም ሳላንኳኳ አልከፍትም።