የባለቤቴ አያት ቡልጋ የተወለዱ ዕለት

ፈረንጅ ስሙን የሚያወርሰው እንደ ርስት ነው፤ ከአባት ለልጅ፣ ከልጅ ለልጅ ልጅ፣ ሳይሸራረፍ። እኛ ደግሞ ስም የምናወርሰው እንደ ውሰት ዕቃ ነው፤ ልጅ የአባቱን ጥቂት ይገለገልበታል፣ የልጅ ልጅም ይነካካዋል፣ ከዚያ ወዲያ የማን እንደነበር የሚያስታውስ የለም። የትኛው ይሻላል ብትሉኝ፣ እኔ እስከ አራተኛ ክፍል የተማርኩ ሴት ነኝ፤ አልፈርድም። የማውቀው ርስት በአዋጅ እንደሚወረስ፣ ስም ግን ያለ አዋጅም እንደሚጠፋ ነው። እንዴት እንደሚጠፋም አይቻለሁ። እኔው ነኝ በነጠላዬ ጠቅልዬ ወስጄ ያስረከብኩት።

የባለቤቴ የተሾመ አያት ስዊስ ነበሩ፤ ሃንስ ብሩነር። በምኒልክ ዘመን የአንድ መኳንንት ሰዓት ሊጠግኑ ተጠርተው መጡ አሉ። ሰዓቱ ግን ደኅና ነበር፤ በስድስት ሰዓት የተሳሳቱት እሳቸው ነበሩ። ይህ እስኪገባቸው ድረስ የቡልጋ ልጅ አገቡ፣ ክርስትና ተነሥተው ወልደ ሚካኤል ተባሉ፣ ወልደው ከብደው እዚሁ ኮልፌ ሞቱ። ልጃቸው ክፍሌ ወልደ ሚካኤል ሆነ፤ የክፍሌ ልጅ ተሾመ ክፍሌ፤ የእኔ ልጅ ዮናስ ተሾመ። ብሩነር የት ገባ? ማንም አልገደለውም፤ መቀመጫ አጥቶ ነው። የቀረው የመቃብራቸው ድንጋይ ላይ ብቻ ነበር። እሱንም አንድ ያገራቸው ሰው በፈረንጅ ፊደል ስለቀረጸው፣ ዮናስ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ ከእኛ ቤት የሚያነበው አልነበረም።

ባለቤቴ ባረፈ በሦስተኛው ዓመት አንድ የኤምባሲ ሰው ያንን ድንጋይ እየፈለገ መጣ፤ ቄሱም ወደ እኔ መሩት። ብዙም ሳይቆይ ከስዊስ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ዮናስ እያነበበ ተረጎመልኝ። የጻፉት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ባል አላገቡም፣ ልጅ የላቸውም፤ ሥራቸው የብሩነርን ዘር መቁጠር ነው። እኛ ዘር የምንቆጥረው ለጋብቻ ነው፣ ካልሆነም ለሙግት። እንዲያው ለመቁጠር ብሎ የሚቆጥር ሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

እንደሳቸው አጻጻፍ፣ የመጀመሪያው ብሩነር የተራራ ሰው ነበር። ያኔ የሌላ አገር ነገሥታት ወታደር ለቃሚዎች በየመንደሩ እየዞሩ ጎረምሳ ይሰበስቡ ነበር። አንዲት እናት አንድ ልጇን ድርቆሽ ውስጥ ደብቃ አሳደረችና በጀልባ ሐይቁን አሻገረችው። ከዚያ ወዲህ ዘሩ አርፎ አልተቀመጠም፤ ከሐይቁ ወደ ማርሴይ፣ ከማርሴይ ወደ እስክንድርያ፣ ከእስክንድርያ እኛ ዘንድ። ዮናስ ይህን ሲያነብልኝ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ልጇን ድርቆሽ ውስጥ የደበቀችዋ ሴት ያለ ወረቀትም ዘመዴ መሆኗን ያን ጊዜ አወቅሁ።

ለምን ብትሉ፣ ዮናስ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰው በዚያው ክረምት ነው። ብሔራዊ ውትድርና ታውጇል። በየቀበሌው የጎረምሳ ስም ይጻፋል፤ ከእኛ መንገድ ብቻ አራት ልጆች ሄደዋል። አስተማሪቱ ደግሞ ደብዳቤያቸውን ሲጨርሱ፣ ቤተሰቡ ከጥንት ጀምሮ ለዘሩ ልጆች ማስተማሪያ ያኖረው ነገር አለ ይላሉ። «ድንጋዩ ላይ ያለው ሃንስና የባለቤትዎ አያት አንድ ሰው መሆናቸው በመንግሥት ወረቀት ይረጋገጥልኝ እንጂ፣ ልጁን እዚህ አስመጥተን እናስተምራለን፤ ኤምባሲው በይፋ ይጠይቅለታል።» ከዚህ በላይ ምን ይጻፍ?

ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ ሦስት ምስክር አምጪ አሉኝ። አያትየውን በዓይናቸው ያዩ፣ የባለቤቴ የልብ ወዳጅ የነበሩ ሦስት ሽማግሌዎች አሉ፤ ትልቁ ባለሱቁ ሐጂ ሰማን ናቸው። ታዲያ ያን ዘመን ነገር በግልጽ የሚናገር ሰው የት ነበር? ግድግዳው ይሰማል እንባባል ነበር። እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ስለ ተሾመ አያት ይጠይቋችኋል። የልጁ ጉዳይ ነው፤ እንደሚሆን አድርጉልኝ» ብቻ አልኳቸው። ሐጂም ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡልኝ፤ ገባኝ ማለታቸው ነው።

እነሱ ገብተው ሲመሰክሩ እኔ ደጅ አግዳሚ ላይ ሆኜ ውዳሴ ማርያሜን እደግም ነበር። ሲወጡ ሐጂ ፊታቸው በርቶ፣ «አይዞሽ የዮናስ እናት፣ አበጀነው!» አሉኝ። ሊቀ መንበሩ በታሸገና ማኅተም ባረፈበት ፖስታ ወረቀቱን ሰጡኝ። በነጠላዬ ጠቅልዬ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጦር ኃይሎች ላይ ግፊያው ሲበረታ ፖስታውን እንደ ሕፃን አቅፌው ነበር። ልክፈተው? ማኅተም አለበት፤ የሰው ማኅተም አልደፍርም።

ኤምባሲው ውስጥ አንዲት ልጅ እግር ጸሐፊ ከፈተችው። አነበበችው፤ አየችኝ፤ እንደገና አነበበችው። «እማማ፣ ምን ብለው ነው ያጻፉት?» አለችኝና ጮክ ብላ አነበበችልኝ። አቶ ወልደ ሚካኤል ቡልጋ ውስጥ ከጭቁን ገበሬ ቤተሰብ የተወለዱ፣ ከማንኛውም የባዕድ አገር ሰው ጋር የሥጋም የጋብቻም ዝምድና የሌላቸው፣ ስዊስ የሚባለውንም አገር በስም እንኳ የማያውቁ ንጹሕ ኢትዮጵያዊ እንደነበሩ በሦስት ምስክሮች ተረጋግጧል። እባክሽ መልሺልኝ ብላት፣ ግልባጩ በቀበሌው በኩል ቀድሞ እንደደረሳቸው ነገረችኝ።

ከዚያ በቀጥታ ሐጂ ሱቅ። «ምን አደረጋችሁኝ?» ብል፣ ሐጂ በኩራት፣ «ተሾመ ያስማለንን ነዋ!» አሉ። ለካስ አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን፣ የፈረንጅ ዘመድ ያለው ሁሉ ሲጠረጠር፣ ባለቤቴ ሦስቱን ሰብስቦ፣ ማንም ስለ አያቴ ቢጠይቃችሁ ቡልጌ ነው በሉ፣ ልጄን አደራ ብሏቸዋል። ወላሂ ብለው ነበር፤ ያሉትን ፈጸሙ። ነገሩን ሳስረዳቸው ሚዛናቸውን አስቀመጡ። «እንግዲህ ሄጄ ዋሽቻለሁ እላለሁ። ቢያስሩኝም፣ ይህ ወገቤ እንደሆነ ቤትም እስር ቤትም ያው ያመኛል» አሉኝ።

ሊቀ መንበሩን በዘወርዋራ ጠየቅኋቸው። «ጓድ እናቴ፣ በሐሰት የመሰከረ ይታሰራል፤ ማኅተም ደግሞ አይዋሽም» አሉኝ። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ሦስት ሽማግሌ አሳስሬ አንድ ልጅ ላድን? አንድ ልጅ ሰጥቼ ሦስት ሽማግሌ ላትርፍ? ሐጂን እስከ ሰኞ ይቆዩኝ፣ ልጸልይበት አልኳቸው። እግዚአብሔር ለጸለየ ይሰማል፤ ይቸኩላል የሚል ግን የትም አላነበብኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት ዮናስ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ሲጫወት ሜዳው በወታደር ተከበበ። እየተሯሯጥኩ ስደርስ መኪናው ሄዷል። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው የግብ ምልክት አድርገውት ስለነበር ጫማው ብቻ ቆሟል። የዮናስን መርጬ አነሣሁ፤ የሌሎቹንም እናቶቻቸው እየመጡ አነሡ። ሰኞ ማለዳ ሐጂ ለእስር የሚሆን ብርድ ልብስ አጥፈው በብብታቸው ይዘው በሬ ላይ ቆሙ። ይመለሱ አልኳቸው።

ዮናስ ከሰሜን ሁለት ጊዜ ጻፈልኝ፤ ሦስተኛው አልመጣም። የመጣው የስዊስ መጽሐፍ ነው። የሐጂ የልጅ ልጅ አነበበችልኝ። ዛፍ ተሥሎበታል፤ በየቅርንጫፉ ስም። ከአንዲት አጭር ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ፣ «ሃንስ፣ ወደ አቢሲኒያ ሄደ፣ ያለ ዘር ሞተ» ይላል። አብሮት ከአስተማሪቱ ማስታወሻ ነበር። በከንቱ ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ፤ ዝምድና እንደሌለን ከወረቀቱ ተረድቻለሁ፤ ነገር ግን ለመቃብሩ ጎረቤት ነዎትና፣ ወገን የሌለው ሽማግሌ ስለሆነ አልፎ አልፎ ሣሩን ቢያጭዱለት ይላሉ።

ሄጄ አጨድኩ። ባለቤቴ የተቀበረው እግራቸው ሥር ስለሆነ የእሱንም አብሬ አጨድኩ። መልስ ማጻፍ ነበረብኝ። እውነቱን እንዳልጽፍ ደብዳቤ በመንገድ ይከፈታል፤ ሐጂም ይታሰሩብኛል፤ ደግሞስ አሁን እውነቱ ማንን ያሻግራል? የሐጂ የልጅ ልጅ ብዕሯን ይዛ ስትጠብቀኝ እንዲህ በይ አልኳት፦ አደራዎን ፈጽሜያለሁ፤ ልጅ የልጅ ልጅ ቢኖራቸው ኖሮ፣ እግዜር ይስጥልን ይሉዎት ነበር።